የእህቴን ካውያ ከቨርሷ ሆኜ ሳጠፋ

እህቴ የምትኖረው ዙሪክ፣ ላንግሽትራሰ በሚባለው ሰፈር ነው። እኔ ደግሞ ከጄኔቫ ወጣ ብላ ሐይቁ ዳር ባለችው ቨርሷ። በመካከላችን ሦስት ሰዓት የሚጠጋ የባቡር መንገድ አለ። እንዲያም ሆኖ ከቤቷ ወጥታ ትራም ላይ እንደተቀመጠች ደውላ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበራት።

«ካውያውን ነቅዬዋለሁ?»

«እትዬ፣ እኔ በምን አውቃለሁ?»

«ምናልባት ነግሬህ እንደሆነ ብዬ ነው።»

በስምንት ዓመት ትበልጠኛለች። እኔ ስድሳ ስድስት ዓመት ሞልቶኛል፤ እሷ ግን እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ነው የምትለኝ። ክሎተን፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ለመንገደኞች ምግብ የሚያዘጋጅ ወጥ ቤት ውስጥ ስትሠራ ኖራ ጡረታ ወጥታለች። እዚያ ምድጃው መጥፋቱን አይቶ ወረቀት ላይ የሚፈርም ሰው ነበር። እቤቷ የሚፈርምላት የለም። ስለዚህ አንዳንዴ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ትወርድና በእግሯ ትመለሳለች። ካውያው ሁልጊዜም ተነቅሎ፣ ገመዱ ተጠቅልሎ ነው የሚጠብቃት። አንድም ቀን ረስታው አታውቅም። ይህን በደንብ አውቅ ነበር፤ ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ይህን እያወቅሁ ያደረግሁት ነው።

እኔ ጄኔቫ ውስጥ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የሰነድ ክፍል ሠርቻለሁ። ሥራዬ ሌሎች የጻፉትን ሪፖርት ተቀብዬ የገጽ ቁጥሩንና የግርጌ ማስታወሻውን ማስተካከል ነበር። ከሪፖርቶቹ ብዙዎቹ ስለ ቴክኖሎጂ የሚያወሩ ነበሩ። ያን ሁሉ ዓመት ገጽ ስቆጥር ከርሜ ጡረታ ስወጣ፣ ቴክኖሎጂ የማውቅ ሰው ሆኜ የወጣሁ መሰለኝ።

በብርዱ ወራት አንድ ቀን፣ ስማርት ሶኬት ስለሚሉት ዕቃ አነበብሁ። ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ላይ እሱን ትሰካለህ፤ ዕቃህን ደግሞ እሱ ላይ ትሰካለህ፤ ከዚያ የትም ሆነህ በስልክህ ታበራለህ፣ ታጠፋለህ። ኤሌክትሪክ እየሳበ መሆኑንም ይነግርሃል። አንብቤ ሳልጨርስ ለእህቴ ደወልኩላት።

«እትዬ፣ መፍትሔ አግኝቻለሁ።»

«ለምኑ?» አለችኝ።

ችግር አለብኝ ብላ አታውቅምና ጥያቄዋ ልክ ነበር። እኔ ግን ያኔ የሚገባኝ ሰው አልነበርኩም።

ምርጫው ብቻ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሠንጠረዥ ሠራሁ። የገዢዎችን አስተያየት አንድ በአንድ አነበብሁ፤ በጀርመንኛ የተጻፈውን ሳይቀር መዝገበ ቃላት ይዤ። አንዱ «ድመቴ አጠፋችው» ብሎ ስለጻፈ ለድመት የሚሆን አምድ ጨመርኩ። እኔም እህቴም ድመት የለንም። በሁለተኛው ሳምንት ላይ ካውያውን ረስቼ የማስበው ሠንጠረዡን እንዴት እንደማሳምረው ብቻ ሆነ።

በመጨረሻ ሠንጠረዡ የመረጠልኝን ትቼ፣ እንደ ጄኔቫ ሰው ሁሉ ድንበሩን ተሻግሬ ፈረንሳይ ገባሁና ርካሹን ገዛሁ። አራት በአንድ ካርቶን። እቤት አምጥቼ ስከፍተው ሁለት ወፍራም እግር አለው፤ የእኔ ግድግዳ ደግሞ የስዊስ ግድግዳ ስለሆነ ያለው ሦስት ቀጫጭን ቀዳዳ ነው። ትናንት የመጣ ሰው ይህን ባያውቅ አይፈረድበትም። እኔ እዚህ አገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬያለሁ፤ በየቀኑም አንድ ነገር ግድግዳ ላይ እሰካለሁ። ልመልሰው ስሄድ ገንዘብ ተቀባይዋ ካርቶኑን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣ «ሙሲዩ፣ ስዊስ ከገቡ ቆይተዋል?» አለችኝ።

«አይ፣ ቅርብ ነው» አልኳት።

ሁለተኛውን ከጄኔቫ ገዛሁ። ሻጯ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ሴት ነበረች። «ሶኬትዎ ከግድግዳው እኩል ነው ወይስ ወደ ውስጥ ገባ ያለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የምኖርበትን ቤት ሶኬት መልክ አላውቀውም ነበር። ይህን ከማመን «እኩል ነው» ብዬ ገዛሁ። ቤት ስገባ ሶኬቶቹ ሁሉ እንደ ትንሽ ገበታ ወደ ውስጥ የጎደጎዱ ናቸው፤ የገዛሁት ዕቃ ደግሞ ወገቡ ወፍራም ነው፤ እግሩ ቀዳዳው ላይ ሳይደርስ ወገቡ ያዘው። በማግስቱ ስመለስ ሻጯ ምንም ሳትለኝ ከመደርደሪያው ቀጭኑን አንስታ ሰጠችኝ። ቀድማ አዘጋጅታው የነበረ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ገባ። የቀረው ከስልኬ ጋር ማስተዋወቅ ብቻ ነበር፤ እሱም ግማሽ ቀን ወሰደ። መጀመሪያ የኢሜይል አድራሻ፣ ቀጥሎ የይለፍ ቃል፣ ቀጥሎ ያለሁበትን ቦታ ጠየቀኝ። ትንሽዋ መብራት ቶሎ ቶሎ ብልጭ ድርግም ትበል ይላል መመሪያው፤ የእኔዋ ቀስ እያለች ነው። ለአምስት ሰኮንድ ተጫን ይላል፤ እኔ ስቆጥር አራት ላይ ይሁን ስድስት ላይ ጣቴን እንደማነሳ እንጃ፣ እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። በመጨረሻ ከሳሎኔ ወንበር ሳልነሳ፣ በእጄ ልደርስበት የምችለውን የራስጌ መብራት በስልክ አበራሁት። አጠፋሁት። አበራሁት። ደስታዬን የምነግረው ሰው ስላልነበረ ለራሴ «ብራቮ» አልኩ።

ከዚያ መብራቱ በየቀኑ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በርቶ ለሦስት ሰዓት እንዲቆይ አዘዝኩት። ማታ ማታ ተቀምጬ እጠብቀዋለሁ፤ አይበራም። ዋይፋዩ ነው ብዬ በየማታው ሳጥኑን እየነቀልኩ መልሼ ሰካሁ። በሳምንቱ ለአምራቹ ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እንደ ልማዴ በግርጌ ማስታወሻ አስደግፌ። መልሱ በሁለት ቀን መጣ። «ውድ ደንበኛችን፣ መብራትዎ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ በትክክል እየበራ ነው» ይላል። ጭንቅላቴ በእኛ ሰዓት ያሰበውን አሥራ ሁለት፣ ጣቴ እንዳለ ጽፎት ኖሯል። መብራቱ ታዲያ ሳምንቱን ሙሉ እኔ ሐይቁ ዳር በእግሬ ስሄድና ምሳዬን ስበላ በፀሐይ ሲበራ፣ እኔ ሳልመለስ ሲጠፋ ነው የከረመው።

እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ያቆም ነበር። እኔ ሶኬቱን ነቅዬ በቦርሳዬ ይዤ ዙሪክ ሄድኩ።

የእህቴ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የምትተኩስበት ቦታ ኮሪደሩ ውስጥ፣ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው። እጆቿን አጣምራ ቆማ ታየኛለች።

«እንግዲህ ይሄ ሽቴከር ላይ የሚሰካ ሽቴከር ነው?» አለች፤ ሶኬትን በጀርመንኛ ነው የምትጠራው።

«አዎ። ግን ያስባል።»

«ምን ብሎ?»

«ካውያሽ ከቆየ ለእኔ ይነግረኛል። እኔ ጄኔቫ ሆኜ አጠፋዋለሁ።»

«እኔ እዚህ እየተኮስኩ አንተ እዚያ ሆነህ ብታጠፋብኝስ?»

«ደውዬ ነው የማጠፋው።»

የዋይፋዩን ቁልፍ ስጠይቃት ከጸሎት መጽሐፏ መካከል የታጠፈች ወረቀት አወጣች። ፕሮግራሙን በእሷም ስልክ ላይ ልጫንላት ስል ግን እሺ አላለችም። «የእኔ ስልክ የዘመድና የቤተ ክርስቲያን ነው፤ ካውያ አይገባበትም» አለች። ስለዚህ ሥልጣኑ ሁሉ እኔ ጋ ቀረ። አልከፋኝም።

ከዚያ በኋላ ትራም ውስጥ ሆና ስትደውል ስልኬን አየት አድርጌ «ጠፍቷል፣ ሂጂ» እላታለሁ። «ተባረክ» ትለኛለች። ያንን ተባረክ ለመስማት ስል ቀኑን ሙሉ ስልኬን አይ ነበር። ከመደወሏ በፊት እየደወልኩም «ጠፍቷል» ማለት ጀምሬ ነበር።

የሁዳዴ አራተኛ ሳምንት ላይ፣ ማክሰኞ ቀን፣ ምግብ ቤት ገብቼ ምሳ ልበላ ስል ስልኬ ጮኸ። «ካውያ፦ አራት ሰዓት ሙሉ እየሠራ ነው» ይላል። ልቤ ድንግጥ አለ፤ ከድንጋጤው ሥር ግን ደስታ ነበረ። ይህን ቀን ስጠብቀው ነው የኖርኩት። አጠፋሁትና ደወልኩ። ደውዬ ነው የማጠፋው ያልኩት ያኔ ትዝ አላለኝም።

እህቴ ባቡር ውስጥ ነበረች። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዋ ልጇ ወልዳላት፣ አራስ ልትጠይቅ ወደ በርን ከተማ እየሄደች ነው፤ አንድ ሌሊት አድራ ትመለሳለች።

«እትዬ፣ አትደንግጪ። ካውያሽን ሳትነቅይው ነው የሄድሽው። አጥፍቼዋለሁ።»

«ዛሬ ተኩሻለሁ እንዴ?» አለች ቀስ ብላ።

«አራት ሰዓት ሙሉ በርቶ ነው የቆየው።»

«እኔ እንጃ። ነጠላዬን … አዎ፣ ነጠላዬን ተኩሼ ይሆናል። እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ወንድሜ።»

ወንድሜ አለችኝ። አንተ ልጅ አላለችኝም። ምሳዬን እንደ ጀግና በላሁ፤ አይብ ያለበት ነበር፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ያን ቀን ማታ ከአራሷ ቤት ሁለት ሴቶች ተራ በተራ በስልክ አናገሩኝ። እህቴ ነግራቸው ነው። «ቤቱን ከእሳት አዳንከው አሉ» አለችኝ አንዷ። ሌላዋ ለእሷም እንድገጥምላት ጠየቀችኝ። እኔም በትሕትና ድምፅ፣ መጀመሪያ ሶኬቷ ከግድግዳው እኩል ይሁን ወይም ገባ ያለ እንድታይ አሳሰብኳት። ያቺ ሻጭ ብትሰማኝ ምን ትል ነበር እላለሁ ዛሬ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ እህቴ ከቤቷ ደወለች። ድምፅዋ ዝግ ያለ ነው።

«ካውያው የት እንዳለ ታውቃለህ?»

«ያ ሶኬት ላይ ነዋ።»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። ገመዱ ተጠቅልሏል።»

«ታዲያ ሶኬቱ ላይ ምን አለ?»

«ፍሪዘሩ።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ወጥ ቤቷ ውስጥ ፍሪዘሩ የሚሰካበት ሶኬት ላላ ብሎ፣ የሕንፃው ጠባቂ ሰኞ ዕለት አይቶት «ኤሌክትሪክ ሠራተኛ እስኪመጣ አትጠቀሚበት» አላት። እሷም ማክሰኞ ጠዋት ከመሄዷ በፊት የፍሪዘሩን ገመድ በበሩ በኩል ወደ ኮሪደሩ ሳበችና፣ ቅርብ ያገኘችው ሶኬት ላይ ሰካችው። ለእሷ የእኔ ዕቃ ወፈር ያለ ሶኬት እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ስልኬ ደግሞ ምን እንደተሰካ አያውቅም፤ እኔ ካውያ ብዬ ስም ስለሰጠሁት ካውያ አለ። ይሁንና ከስሙ ጎን የሚስበው ኃይል በቁጥር ተጽፎ ነበር። ካውያ ሁለት ሺህ ዋት ይጠጋል። በዚያች ሰዓት የተጻፈው ሰማንያ ምናምን ነበር። ለድመት አምድ የሠራሁት ሰውዬ፣ ዓይኔ ሥር ያለውን ቁጥር አላየሁም።

ፍሪዘሩ ውስጥ አምስት ዶሮ ነበረ። ክሎተን አካባቢ ያለ አንድ ገበሬ እንቁላል መጣል ያቆሙ ዶሮዎቹን የሚሸጠው አንዳንዴ ብቻ ነው። ለዶሮ ወጥ ደግሞ ከእነሱ የተሻለ የለም፤ የሱቁ ጫጩት ገና ሽንኩርቱ ሳይበስል ይፈርሳል። እህቴ ከጾሙ መያዣ በፊት አግኝታ ገዝታ፣ በብልት በብልቱ አውጥታ፣ በሎሚና በጨው አጥባ ለፋሲካ አስቀምጣቸው ነበር። ለራሷ ብቻ አይደለም፤ ለቤተ ክርስቲያኑ የበዓል ማዕድ ጭምር።

«ቀልጠዋል?» አልኳት።

«ለስልሰዋል። መሐላቸው ላይ ገና በረዶ አለ። ዛሬ በረንዳው ላይ ያድራሉ፤ ብርድ ነው። ነገ መሠራት አለባቸው።»

«እንግዲያው ወጡን ሠርተሽ መልሰሽ ፍሪዘር ውስጥ …»

«ለፋሲካ ሰው የከረመ ወጥ ላበላ ነው የምትለኝ?»

ቀጠለችና እንዲህ አለችኝ፦

«ዶሮው ይቅር። አንተ ረስተሻል ስትለኝ አመንኩህ። ሌሊቱን ተኝቼ ሌላ ምን እንደረሳሁ ስቆጥር አደርኩ። የበሩን ቁልፍ፣ የሰው ስም፣ ሁሉንም። ጠዋት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ልይዝ ነበር። መተኮሱ ይቅርና ካውያውን አልነካሁትም ያን ቀን። ነጠላዬን ተኩሼ ይሆናል ያልኩህ እንኳ አንተን ላለማሳፈር ነው።»

«ነገ በመጀመሪያው ባቡር እመጣለሁ» አልኩ።

«ና። ሽንኩርት የሚከትፍ ያስፈልገኛል።»

ሐሙስ ጠዋት ስደርስ ጠረጴዛው ላይ የሽንኩርት ክምር ይጠብቀኛል። ተቀምጬ መክተፍ ጀመርኩ። ዓይኔ ያለቅሳል፤ እሷ ታያለች፤ ስለ ምን እንደማለቅስ አልጠየቀችኝም። ይቅርታ መጠየቅ ስጀምር፣ «ደቃቅ አድርገው» ትለኛለች። ሦስቴ ሞከርኩ፤ ሦስቴም «ደቃቅ አድርገው» አለችኝ። በሦስተኛው ይቅር እንዳለችኝ ገባኝ።

ከሽንኩርቱ በኋላ እውነተኛው ጭንቅ መጣ። ሁዳዴ ነው። በጾም ቀን የአምስት ዶሮ ወጥ ተሠርቶ ማን ይበላዋል? የእሷ ወዳጆች ሁሉ ጿሚ ናቸው። በዚያ ላይ እሷ መቅመስ አትችልም፤ ጨው ይብዛ ይነስ የሚያውቅ የለም። ድስቱን እያማሰለች ዞር ብላ አየችኝ።

«አንተም እየጾምክ ነው አይደል?»

«እንዴታ» አልኩ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ጾሙን በመጀመሪያው ሳምንት ይዤ፣ በሁለተኛው «አልወጣልኝም» ብዬ፣ በሦስተኛው ከቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ፎንዱ የሚሉትን የቀለጠ አይብ በልቻለሁ። ይህን ብነግራት ማንኪያውን አንስታ ታቀምሰኝና ነገሩ ባንድ አፍታ ያልቅ ነበር። አልነገርኳትም። በመጽሐፍ ላይ እንደሚሳል ጻድቅ ፊቴን አጥቁሬ ድስቱ አጠገብ ቆምኩ። ሽታው ያስጎመጀኛል።

«እንግዲያው ሰዎቹን እጠራለሁ» አለች።

«የትኞቹን ሰዎች?»

«የሕንፃውን።»

እህቴ በዚያ ሕንፃ ብዙ ዓመት ኖራለች፤ ከጎረቤቶቿ ጋር ግን ከ«ግሩኤትሲ» ሰላምታ ያለፈ ንግግር አልነበራትም። በተለይ ከታች ከሚኖሩት ስዊሳዊ አዛውንት ጋር የሚነጋገሩት በልብስ ማጠቢያው ክፍል ግድግዳ ላይ ነበር፤ እሳቸው «እባክዎ ማጣሪያውን ያጽዱ» ብለው ወረቀት ይለጥፋሉ፤ እሷ «ትናንት የእኔ ተራ አልነበረም» ብላ ሥሩ ትጽፋለች። ያን ቀን ነጭ ሽርጧን እንደለበሰች በየደረጃው ወርዳ አንኳኳች። ምን ብላ እንደጠራቻቸው አልሰማሁም። አዛውንቱን ግን አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ይዛቸው ወጣች። የማተሚያ ቤት ሠራተኛ የነበሩ ሰው ናቸው፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል።

እህቴ በትንሽ ሳህን መረቅ አወጣችላቸው። «ጨው?» አለቻቸው በጀርመንኛ።

ቀመሱ። ፊታቸው ቀላ፣ ዓይናቸው እንባ ሞላ። ሌላ ሰው ቢሆን «በጣም ግሩም ነው» ብሎ ይገላገል ነበር። እሳቸው አንድ ማንኪያ ደገሙና ወደ ጣሪያው እያዩ አሰቡ።

«ትንሽ ይቀረዋል» አሉ።

ጨመረች። እንደገና ቀመሱ።

«አሁን ትክክል ነው።»

እህቴ ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ፣ «ውሸት የማያውቅ ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ጎረቤት እያለኝ ስለ ማጠቢያ ስከራከር ኖርኩ» አለች። እኔ ማንኪያ ማጠብ ጀመርኩ።

ማምሻውን ሰው መጣ። ከላይ የምትኖር የትራም ሾፌር የሆነች ፖርቱጋላዊት፣ ባሏ፣ ከፊት ለፊት በር ያሉ ባልና ሚስት፣ ጠባቂው ራሱ። ፖርቱጋላዊቷ ስለ ጾሙ ስትሰማ «እኔ የምጾመው ዓርብ ብቻ ነው፤ ዛሬ ሐሙስ ነው፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ብላ ተቀመጠች። እንጀራውን መጀመሪያ በሹካ ሞከሩት፤ ከዚያ እህቴን እያዩ በእጃቸው ቀጠሉ። አዛውንቱ ላባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ሁለት እንቁላል በሉ። እህቴና እኔ ጫፍ ላይ ተቀምጠን ምስር ቀረበልን። ፖርቱጋላዊቷ «ወንድምሽም እንዲህ አጥብቆ ይጾማል?» ብላ ጠየቀቻት።

«ይጾማል» አለች እህቴ ምንም ሳይመስላት። «ከእኔ ይብሳል።»

ሰው ሁሉ አመስግኖ ሲሄድ ዕቃ እያደረቅሁ ነበር። ልቤ አልቻለም።

«እትዬ፣ እኔ ዘንድሮ ጾሙን ትቼዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ማክሰኞ ስለ ካውያው ስትነግረኝ ከጀርባህ አስተናጋጁ ‹አይብ ይጨመርልዎ?› ሲልህ ሰምቻለሁ። ፈረንሳይኛ አላውቅም፤ ‹ፍሮማዥ› ግን የማያውቅ የለም።»

«ታዲያ ጨውን ለምን እኔን አላቀመስሽኝም?»

«ጠየቅሁህ አይደል? እንዴታ አልክ።» ድስቱን ከፍታ ታች የቀረውን አየችው። «አሁን አልቋል።»

እውነትም አልቆ ነበር።

ሶኬቱን በማግስቱ ልነቅለው ስል ከለከለችኝ። የሳሎን መብራቷ ላይ አዙሬ እንድሰካላት አዘዘችኝ፤ ማታ ስትገባ በርቶ ይጠብቃት ዘንድ። ሰዓቱን ስሞላ አጠገቤ ቆማ «የፈረንጁን፣ የፈረንጁን» ትለኝ ነበር፤ የእኔን መብራት ታሪክ ነግሬያት ነው። ካውያውን በተመለከተ ከፖርቱጋላዊቷ ጋር ቁልፍ ተለዋወጡ። አሁን ትራም ውስጥ ሆና ስትጠራጠር የምትደውለው ለእሷ ነው፤ ሴትዮዋ ሥራ ካልገባች ወርዳ አይታ «ተነቅሏል» ትላታለች፤ ሥራ ላይ ከሆነች ደግሞ አንዳንዴ እህቴ የተሳፈረችበትን ትራም የምትነዳው እሷው ናት። ለእኔ መደወሏን ተወች። የመጀመሪያውን ሳምንት ዕረፍት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። በሁለተኛው ሳምንት እኔው እየደወልኩ ምክንያት መፍጠር ጀመርኩ፤ አንድ ቀን የቨርሷን የአየር ሁኔታ ነገርኳት፣ ሌላ ቀን የዙሪክን ጠየቅኋት። ካዛጋች በኋላ፣ «ደህና መሆኔን ለማወቅ ከሆነ ደህና ነኝ። ብቻህን መብላት ሰልችቶህ ከሆነ ቅዳሜ ና» አለችኝ። አሁን በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ እሄዳለሁ።

ለፋሲካ ገበሬው ዶሮ ጨርሶ ነበር። የሱቅ ዶሮ ተገዛ። እህቴ የቻለችውን አደረገች፤ ሥጋው ግን ገና ከእሳት ሳይወርድ ከአጥንቱ ተላቀቀ። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቷ ሰው ሞላ፤ አዛውንቱንም ጠርታቸዋለች፤ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው መጡ። ሰው ሁሉ እጇን ባረከላት። እሳቸውን ስትጠይቃቸው በሚገባ ካሰቡ በኋላ፣ «የመጋቢቱ ይሻል ነበር» አሉ።

እህቴ ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ በአማርኛ ተረጎመችው። ቤቱ በሳቅ ሲሞላ ጭልፋዋን አነሳችና፣ ፈረሰኛውን ለእሳቸው አወጣችላቸው። እኔ ሳህኔን ዘርግቼ ጠበቅሁ። የደረሰኝ ክንፍ ነበር፤ አመስግኜ በላሁት።